ከጅማ ኮረብቶች ላይ ሩቅ የሚታየው ከየት ነው?

ጅማ ዙሪያዋን ኮረብታ ነው። ከመሃል ከተማ ቆሞ ቀና ያለ ሰው በየአቅጣጫው አረንጓዴ ተረተር ያያል። እሁድ ወጣ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቆም የሚያምረው ሰውም ብዙ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከወጣ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ዳገት ሲገፋ ቆይቶ አናቱ ላይ ሲደርስ የሚያየው ቅጠል ብቻ ይሆናል። ከፊቱ ዛፍ፣ ከኋላው ዛፍ፣ ከላይ ጉም። "ጅማ እኮ ቪው የላትም" ብሎ ይመለሳል።

አላት። በጣም የሚያምር አላት። ግን ደን በለበሰ ደጋ አገር ሩቅ የሚታይበት ቦታ እንደ ሰሜኑ ገላጣ ተራራ አይገኝም። በሰሜን ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይበልጥ ታያላችሁ። እዚህ ከፍታ ብቻውን አይበቃም። የመሬቱ አቀማመጥ፣ ዛፉ የሚያልቅበት ጠርዝ፣ ሰዓቱና ወሩ መገጣጠም አለባቸው። እያንዳንዱ የራሱ አሠራር አለው። ያንን ያወቀ ሰው የት እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚወጣና በየት በኩል እንደሚወርድ ራሱ መገመት ይችላል።

ሁሉም ነገር የሚመራው በተረተሩ ነው

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ሰፊ ዝቅታ ላይ ተቀምጣለች። አዌቱ ወንዝ መሃሏን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያ ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። በዙሪያው የተነሡት ኮረብቶች ከእሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ላቫ ደጋግሞ ፈሰሰ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ወፍራም ንብብር ሠራ። ከዚያ ውሃ ጎን ጎኑን ሸረሸረው። ሸለቆው ጠለቀ፣ በመሃሉ ረጅም ጀርባ ቀረ። ስለዚህ በዚህ አገር ብዙ የምታገኙት ብቻውን የቆመ ሹል ተራራ ሳይሆን ለብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተረተር ነው።

ተረተር ውሃ ይከፍላል። ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄዱ የምትሻገሩት ከፍታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጅማ በኩል የዘነበው ዝናብ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ጊቤ፣ ወደ ኦሞ፣ በመጨረሻም ወደ ቱርካና ሐይቅ። ሐይቁ ወደ ባሕር መውጫ የለውም፤ ጉዞው እዚያ ያበቃል። በአጋሮ በኩል የዘነበው ግን ወደ ዴዴሳ ይገባል። ዴዴሳ ወደ ዓባይ፣ ዓባይ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ወደ ሜዲትራኒያን። አንድ ደመና ጥቂት ሜትር ወዲህና ወዲያ ስለዘነበ ብቻ ውሃው እስከ መጨረሻው ሳይገናኝ ይቀራል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የጂኦግራፊ ነገር ጥቂት ነው። በደቡብ ደግሞ ጎጀብ አለ፤ እሱም ወደ ኦሞ ነው የሚሄደው።

በነገራችን ላይ፣ በጅማ በኩል የወረደው ውሃ ሦስት ጊዜ ተርባይን ያዞራል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ በጀመረው ግልገል ጊቤ 1 ላይ። ቀጥሎ ያው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ ጊቤ 2ን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ 243 ሜትር ከፍታ ካለው የጊቤ 3 ግድብ ይደርሳል። ኮረብታው ላይ ያለው ደን ሲጨፈጨፍ አፈሩ ታጥቦ የሚተኛው እነዚህ ግድቦች ሆድ ውስጥ ነው። የደኑ ጉዳይ የገበሬው ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ይሄ ሁሉ ለእግረኛ ምን ያደርግለታል? ብዙ። በተረተር ጀርባ ላይ የሚሄድ መንገድ ወንዝ አያቋርጥም። በግራም በቀኝም ውሃው ከእናንተ እየራቀ ይወርዳል። ስለዚህ እየሄዳችሁ ደጋግማችሁ ጅረት ከተሻገራችሁ ከጀርባው ላይ ወርዳችኋል ማለት ነው። ካርታ ላይም ይታያል። ከፍታ የሚያሳዩት መስመሮች ተጠጋግተው ካያችሁ ቦታው ቀጥ ያለ ዳገት ነው። መስመሮቹ ታጥፈው ሹላቸው ወደ ከፍታው ካመለከተ ሸለቆ ነው፤ ወደ ዝቅታው ካመለከተ ተረተር ነው። ይህችን አንዲት ነገር የለመደ ሰው ስልኩ ላይ ባለው ካርታ ብቻ ከቤቱ ሳይወጣ ጥሩ መንገድ መምረጥ ይችላል።

መንገድ የጠፋበት ሰው ብዙ ጊዜ "ውሃ ተከትዬ ብወርድ ሰው አገኛለሁ" ብሎ ያስባል። በጅማ አካባቢ ይሄ መጥፎ ሐሳብ ነው። ሸለቆው ሥር ያለው ረግረግ፣ ጥሻና ሳማ ነው። ድምፅም አይወጣም፣ የስልክ ኔትወርክም አይገባም። ቤቱ፣ እርሻውና የሰው መንገዱ የሚበዛው ከፍ ባለው ወገን ነው። ስለዚህ ዱካው ከጠፋባችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ካልሆነ ወደ ጀርባው ውጡ። ቁልቁል የሄደ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚገባው።

መንገዱን ማን ሠራው?

በነዚህ ኮረብቶች ላይ ለሽርሽር ተብሎ የተቀየሰ መንገድ ጥቂት ነው። የምትሄዱበት ዱካ የገበያ፣ የቡና፣ የማርና የከብት መንገድ ነው። ጅማ ከድሮ ጀምሮ የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበረች። የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ጨው የሚመጣበት ትልቅ ገበያ ነበር። ጭነት የተሸከመ በቅሎ ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፤ ማጥ ውስጥም ይሰምጣል። ስለዚህ የቆየ መንገድ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ይወጣና ጀርባው ላይ ይደላደላል። ሰፋ ያለና የረገጠ ሆኖ ቀስ እያለ የሚወጣ ዱካ ካገኛችሁ እሱን እመኑት። በአቋራጭ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቀጭን ዱካ የፍየል ወይም የጎርፍ ሊሆን ይችላል።

አፈሩን ማወቅም ያስፈልጋል። የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅና ሸክላ የበዛበት ነው። ለቡና ግሩም ነው፤ ውሃ ይይዛል። ለእግር ግን ሲረጥብ ድጥ ነው። ደረቅ ሳለ በሰላም የወጣችሁበትን ዳገት ከአንድ ዝናብ በኋላ መውረድ ያቅታችኋል። ቀጥ ያለ አቋራጭ ላይ ሰው በበዛ ቁጥር አፈሩ ይጠቀጠቃል። ውሃው መስረጉን ትቶ በዱካው ላይ ይፈስሳል፤ በጥቂት ክረምት ውስጥ ዱካው ቦረቦር ይሆናል። ከዚያ ሰው ጎኑን ይረግጣል፤ ቦረቦሩም ይሰፋል። እባካችሁ ጥምዝምዙን አትቁረጡ። አምስት ደቂቃ ለማትረፍ ተብሎ የተጀመረ አቋራጭ የአንድ ገበሬ ማሳ ሲበላ አይቻለሁ።

ለምን አናቱ ላይ ምንም አይታይም?

ቀረሮ የሚባለውን ዛፍ አስቡት። የዚህ ደን ትልቁ ዛፍ ነው፤ 40 ሜትር ያድጋል። ከሥሩ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳና ወይራ አለ። ከነሱ ሥር ቡናው፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማው። የእናንተ ዓይን ያለው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ነው። ከፊታችሁ 50 ሜትር ርቀት ላይ 30 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ካለ፣ በላዩ አሻግሮ ለማየት መሬቱ እዚያ ጋ 30 ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ይሄ ደግሞ በጣም ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። የጅማ ኮረብታ አናት ግን አብዛኛውን ጊዜ ክብ ወይም ዝርግ ነው። መሬቱ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ዛፉ ዕይታውን ይዘጋዋል። ስለዚህ እዚህ አገር አናት አትፈልጉ፤ ጠርዝ ፈልጉ። ደኑ የሚያልቅበትን፣ ገደሉ የሚጀምርበትን፣ የግጦሽ ወይም የእርሻ ሜዳ ወደ ሸለቆው የሚያዘነብልበትን።

ጠርዙ ከተገኘ ሒሳቡ ያስደስታል። ከሜዳው 200 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብትቆሙ፣ የሚጋርድ ነገር ከሌለ፣ የምድር ክብነት የሚፈቅድላችሁ ዕይታ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 400 ሜትር ከሆነ 70 ይሆናል። ከፍታው ሁለት እጥፍ ሲሆን ዕይታው ሁለት እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ተጨማሪ ሦስት ሰዓት ወጥቶ ከሚዘጋ ጫካ ውስጥ ከመቆም ዝቅ ያለ ግን የተከፈተ ጠርዝ ሁልጊዜ ይሻላል።

ይሄን ከሁሉም ቀድመው ያወቁት የጅማ ነገሥታት ናቸው። ጂረንን ተመልከቱ። ከከተማው መሃል 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባጃጅ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ በእግር ግን ይበልጥ ያምራል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው እዚያ ነው። ጂረን ከአካባቢው ኮረብቶች ሁሉ ረጅሙ አይደለም። ግን የተረተር ጠርዝ ነው። ሂርማታ ገበያ ከሥር ነበር፤ ነጋዴው ከየት እንደመጣ፣ አቧራው ከየት እንደተነሣ ከላይ ይታያል። የጅማ መንግሥት ድንበሩ ላይ ኬላና ቦይ ነበረው፤ ከኬላው ውጭ ደግሞ ሰው ሆን ብሎ የማያርሰው ባዶ መሬት ይተው ነበር። የሚመጣውን ቀድሞ ማየት የሕልውና ጉዳይ ነበር። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ገብረው አገራቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ከቆዩባቸው ምክንያቶች አንዱም የሚመጣውን አስቀድሞ ማየት ነው ብዬ አምናለሁ። የእንጨት ሥራው ውበት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ቤተ መንግሥቱን ጎብኝታችሁ ከግቢው ጠርዝ ከተማዋን ሳታዩ ግን አትውረዱ።

ሌላው ጥሩ ጠርዝ በቦንጋ መንገድ ነው። ሰቃ ጨቆርሳን አልፋችሁ በለጤ ደን ውስጥ ትገባላችሁ። ለረጅም ጊዜ ግራና ቀኝ ጫካ ብቻ ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር ነው አገሩ የሚከፈተው። በለጤን ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ውስጡ ገብቶ ጉሬዛውን ያዳምጥ። ሩቅ ማየት የሚፈልግ ግን ቁልቁለቱ ላይ ይውረድና ይቁም።

ጉሙ ሁለት ዓይነት ነው

ብዙ ሰው ጠዋት ጉም ሲያይ ጉዞውን ይሰርዛል። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የዓመቱን ምርጥ ዕይታ እያመለጠው ነው። ልዩነቱን ማወቅ ይቻላል።

የመጀመሪያው የሸለቆ ጉም ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ዝቅታው ላይ ይተኛል። ቦዬና አካባቢው እርጥብ ስለሆነ ያ አየር በቀላሉ ጉም ይሆናል። ከላዩ ያለው አየር ሞቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጉሙ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ፀሐይዋ መሬቱን እስክታሞቅ፣ ብዙ ጊዜ እስከ ሦስት ወይም አራት ሰዓት፣ እዚያው ይቆያል። ይሄ ጉም ያለ ዕለት ነው በጠዋት መውጣት። እናንተ ከላይ በፀሐይ ናችሁ፤ ከተማዋ ከሥራችሁ በነጭ ተሸፍናለች፤ ከጉሙ በላይ የሚታዩት የተረተሮቹ ጀርባዎች ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው የኮረብታ ደመና ነው። በክረምት እርጥብ አየር ዳገቱን እየተገፋ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ እዚያው አናቱ ላይ ደመና ይሆናል። ይሄ አራት ሰዓት ሆነ ብሎ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። የኮረብታው እግር ተሸፍኖ አናቱ ከታየ ውጡ። አናቱ ተሸፍኖ እግሩ ከታየ ዕይታውን እርሱት፤ ጫካውን ለማየት ከሆነ ግን ሂዱ፣ ደን በጉም ውስጥ የራሱ ግርማ አለው። ጉሙ ውስጥ ራሳችሁ ካላችሁ ወደ ላይ ቀና በሉ። ከአናታችሁ በላይ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ካለ ወይም ብርሃኑ ከጎን ይልቅ ከላይ ከደመቀ ሽፋኑ ስስ ነው።

ከወራቱ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ከመጋቢት እስከ መስከረም ብዙ ይዘንባል። ዝናቡ ሲያበቃ አየሩ ታጥቦ ጥርት ይላል። ጥርና የካቲት ደረቅ ስለሆኑ መንገዱ ደህና ነው፤ ግን አቧራውና የማሳ ጭሱ ሩቁን ያደበዝዘዋል። ጭጋጋማ በሆነ ወር ዕይታ የሚፈልግ ሰው ዝናብ በጣለ ማግስት ይውጣ።

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 በታች ከሆነ ከተረተሩ ጀርባ ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ረጅም ዛፍም ራቁ።

ደኑ ባለቤት አለው

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከከተማ የሚመጣ ሰው ጫካውን ባዶ መሬት አድርጎ ያየዋል። አይደለም። ያ በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ የሚመስለው ቡና የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ የአንድ ሰው ነው። ጥላው የተመጠነው፣ ቁጥቋጦው የተመነጠረው በሰው እጅ ነው። በበለጤና በጌራ ደን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋር አብረው የሚጠብቁበት አሠራር ተጀምሯል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ከደኑ የሚያገኝ ሰው ደኑን አይቆርጥም። የጫካ ቡናቸውም ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ እስከ መሸጥ ደርሷል።

ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፣ ዱካው ላይ የምታገኙት ሰው ሥራ ላይ ነው። ቆም ብላችሁ ሰላም በሉ። "አካም ጅርቱ" ማለት ይበቃል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለም። ወደየት እንደምትሄዱ ተናገሩ። የቀላ ፍሬ ለፎቶ ብላችሁ አትቅጠፉ። ቀፎ ሥር አትቁሙ፣ ሽቶም አትቀቡ። ገብረ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ካያችሁ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱና ተራምዳችሁ እለፉ።

የአካባቢ ሰው ይዞ መሄድ ለእናንተ ደህንነትም ለነሱ ኪስም ይጠቅማል። ቀበሌው ጋ ቀርባችሁ አሳውቁ፣ መታወቂያ ያዙ። አስጎብኚያችሁ የታወቀ የቡናው ባለቤት ልጅ ሲሆን በየአጥሩ የሚቀበላችሁ ፊት ራሱ ይለያል።

ወደ ተራራ የመውጣት ትልቅ ልማድ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ወደ የም ይሂድ። ከጅማ በሰሜን ምሥራቅ ነው። የቦር ተራራ 2,900 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሞች በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ተሰብስበው ወደዚያ ይወጣሉ፤ ከተራራው የመድኃኒት ዕፅዋት ይለቅማሉ። በዓሉ ሳሞ ኤታ ይባላል። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ክረምቱ አልፎ ዕፅዋቱ ለምልመው ሳለ፣ መንገዱም ደረቅ ሲል ነው። ከ1,700 ሜትር ተነሥቶ እዚያ ለሚወጣ ሰው ሙቀቱ በ8 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚወርድ። ጅማ ላይ ቲሸርት የበቃው ሰው ቦር ላይ ጃኬት ይፈልጋል።

ሰዓት አያያዝ

"ቅርብ ነው" የሚለውን መልስ አትመኑ። ተናጋሪው አልዋሸም፤ ለሱ እግር ቅርብ ነው። "በስንት ሰዓት ይደርሳል?" ብላችሁ ጠይቁና ግማሽ ጨምሩበት። ራሳችሁ ለማስላት ደግሞ ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዙ፤ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ወደ ላይ 10 ደቂቃ ጨምሩ። 6 ኪሎ ሜትር ርቀትና 300 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ድጥ ካለ ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ በተለይ ሲወርዱ።

ስልካችሁ ጂፒኤስ ለመጠቀም ኔትወርክ አይፈልግም፤ ካርታው ግን ቤት ሳላችሁ መጫን አለበት። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት ደካማ ነው። ዝናብ ያረጠበው ወፍራም ቅጠል ይመጠዋል፣ ይበትነዋል። ስለዚህ ጫካ ውስጥ ነጥባችሁ ከቦታው ተነሥቶ ብታዩት አትደንግጡ፤ ገላጣ ቦታ ስትደርሱ ደግማችሁ ተመልከቱ።

ጀምበር በጅማ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከ55 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል፤ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ከዛፍ ሥር ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው የሚጨልመው። ከጂረን ጀምበር ስትጠልቅ አይቶ በአስፋልት መውረድ ይቻላል። ከጫካ ውስጥ ግን 11 ሰዓት ላይ መውጫው ጋ መድረስ አለባችሁ፤ ለመመለሻ የሚበቃውን ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ያዙ፤ ባትሪም አትርሱ።